የጭቃ ጎማ በሜክሲኮ አደባባይ

ከጅማ የሚመጣው መንገድ የበቾን ሜዳ አቋርጦ በቱሉ ቦሎ፣ በሰበታና በዓለም ገና ካለፈ በኋላ ወደ መሐል አዲስ አበባ ሲገባ ከሚያገኛቸው ታላላቅ አደባባዮች አንዱ ሜክሲኮ ነው፤ ስለዚህም በክረምት ወራት በዚያ ዙሪያ የቆመ ሰው፣ ከዋልካ መሬት ወጥተው እጥበት ሳይነካቸው በቀጥታ ከተማ የገቡ፣ ጭቃው እስከ መስኮታቸው የተለጠፈባቸው ላንድ ክሩዘሮችና ሃይሉክሶች በሚኒባሶቹና በአውቶቡሶቹ መካከል ተሰልፈው ሲያልፉ ሳያይ አይውልም። እነዚህ መኪኖች ዓይን ሳያያቸው አስቀድሞ ጆሮ ያውቃቸዋል፤ በጎማቸው ዙሪያ የተተከሉት ወፋፍራም ጥርሶች አስፋልቱን እየደበደቡ የሚያሰሙት ጉርምርምታ፣ በላይ ከሚያልፈው የቀላል ባቡር ድምፅና ከወያላዎቹ ጥሪ ጋር ተደባልቆም እንኳ ተለይቶ ይሰማልና።

አደባባዩ ስሙን ያገኘው፣ የፋሽስት ኢጣልያን ወረራ ሕጋዊ ነው ብለው ካልተቀበሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ ለሆነው ለሜክሲኮ መንግሥት ክብር ነው። ዛሬ ግን ይህ ስፍራ ከሁሉ በፊት የእግረኛ ስፍራ ሆኗል። ወደ ሳር ቤት፣ ወደ ቄራና ወደ ጀሞ የሚሄደው ሠራተኛ ማታ ማታ የታክሲ ሰልፍ ይዞ ይቆማል፤ የኮሜርስና የተግባረ ዕድ ተማሪ መንገዱን ይሻገራል፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ነጠላቸውን ያጣፉ ምእመናን ወደ ልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም በማለዳ ያልፋሉ። በዚህ ጽሑፍ ስለ ጎማ የምናገረው ሁሉ እነዚህን ሰዎች በልቡናዬ ይዤ ነው።

በቅድሚያ ለጎማው የሚገባውን ክብር ልስጠው። በአገራችን 12 ሚሊዮን ሄክታር የሚያህለው መሬት፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር፣ ዝናም ሲነካው ግን አብጦ የሚላቁጥ ጥቁር አፈር ነው፤ በቾም ሆነ ፎገራ፣ አድአም ሆነ እነዋሪ በሐምሌና በነሐሴ የሄደበት ሹፌር የዋልካን ባሕርይ ያውቀዋል። ተራ የጎዳና ጎማ እንዲህ ባለው ጭቃ ውስጥ ሲገባ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ቀጭን ቦይ ወዲያውኑ ይደፈንና ጎማው ድቡልቡልና ለስላሳ የጭቃ ኳስ ሆኖ ባለበት ይሽከረከራል። ለጭቃ ተብሎ የተሠራው ጎማ ግን በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ስላለው፣ ሲዞር የያዘውን ጭቃ በፍጥነቱ ኃይል አሽቀንጥሮ እየጣለ አዲስ መሬት ይነክሳል፤ በጎኑ ላይ የተተከሉት ጥርሶችም የመኪና ጎማ በቆፈረው ቦይ ውስጥ ግድግዳውን ይዘው ያወጡታል። አራስ እናት ከገጠር ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ አምቡላንስ፣ ክትባት የሚያመላልስ መኪና፣ የመብራት መስመር የሚጠግን ቡድን ይህን ጎማ ቢያደርግ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም፤ እንዲያውም ባያደርግ ይነቀፋል።

ችግሩ የሚጀምረው ያው መኪና፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ጎማ አስፋልት ላይ ሲወጣ ነው። ማረሻ አፈር ሊሰነጥቅ ተስሎ የወጣ ብረት ስለሆነ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቢጎትቱት ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም፤ የጭቃ ጎማም ግብሩ ከዚህ አይለይም። አስፋልት የማይነከስ መሬት ነውና በእርሱ ላይ መኪናን የሚያቆመው የጥርሱ ርዝመት ሳይሆን፣ መንገዱን የሚነካው የላስቲክ ስፋትና ልስላሴ ነው። ሰውና ዕቃ ጭኖ 2,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ መኪና በእያንዳንዱ ጎማው ላይ 600 ኪሎ ያሳርፋል፤ ጎማው 2.4 ባር ያህል አየር ቢይዝ መሬቱን የሚነካው ገጽ ከ250 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ይኸውም ጎኑ 16 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ አራት ማዕዘን ማለት ነው። የመኪናው ማርሽ፣ ፍሬንና መሪ ሁሉ ሥራቸውን የሚሠሩት በእነዚህ አራት ትንንሽ ገጾች አማካይነት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የጭቃ ጎማ ደግሞ ከዚያችው ገጽ ከሲሶ የሚበልጠውን ባዶ አድርጎ ይተዋታል።

ይህ የእኔ ግምት አይደለም። በጄኔቫ በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኤኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የወጣው 117ኛው የተሽከርካሪ ደንብ፣ ከጎዳና ውጪ ለሚደረግ የሙያ ሥራ የሚውለውን ጎማ ከሌላው ሲለይ፣ ለቀላል ተሽከርካሪዎች ጥርሱ 11 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የጠለቀ፣ ከገጹም ከመቶው 35 ወይም ከዚያ የሚበልጠው ክፍት የሆነ፣ የሚፈቀድለትም ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ብሎ ወስኖታል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ገበያ ማንኛውም ገዢ የጎማን የእርጥብ መንገድ አያያዝ፣ የነዳጅ ፍጆታና ድምፅ በመለያ ወረቀት ላይ አንብቦ እንዲገዛ ሕግ ሲያዝዝ፣ ይህን ዓይነቱን ጎማ ከግዴታው ነጻ አውጥቶታል፤ ከመጀመሪያውም የጎዳና ጎማ አድርጎ አልቆጠረውምና።

ረጅምና ለየብቻ የቆመ ጥርስ ሌላም ድካም አለበት። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወይም መሪ ሲጠመዝዝ የመኪናው ክብደት በጥርሱ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ጥርሱም መንገዱን አጥብቆ ከመያዙ በፊት ይጎብጣል። መኪናው በመጠምዘዣ ላይ የሚዋልል መስሎ የሚታየው፣ መሪውም ትእዛዝ ለመቀበል የዘገየ የሚመስለው ስለዚህ ነው። በዚህ ላይ የድንጋይ ስለት እንዳይቆርጠው ተብሎ ላስቲኩ ብዙውን ጊዜ ጠጣር ሆኖ ይሠራል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ የውሃውን ስስ ሽፋን ቆርጦ የሚያልፈው፣ በጎዳና ጎማ ጥርስ ላይ በብዛት የሚታየው ቀጭን ስንጥቅም በእርሱ ላይ ጥቂት ነው፤ አንዳንዱም ጨርሶ የለውም። ለእውነት ለመመስከር ያህል፣ ውሃ ጠልቆ በተኛበት ስፍራ ሰፊው ክፍተት ውሃውን ለማስወጣት ይረዳል፤ ነገር ግን ሜክሲኮ ላይ መኪናን የሚያስተው ብዙውን ጊዜ ጥልቅ ውሃ አይደለም። የበጋው አቧራና ከመኪኖች ሥር ሲንጠባጠብ የከረመው ዘይት በመጀመሪያው ካፊያ ርሶ ስስ ቅባት የሚሆንበት ያ ሩብ ሰዓት ነው የሚያስፈራው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። አንድ መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ሹፌሩ አጥብቆ ፍሬን ያዘ እንበል፤ ጎማው እርጥቡን መንገድ የሚይዝበት መጠን 0.7 ቢሆን ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ በ14 ሜትር ውስጥ ይቆማል፤ መጠኑ ወደ 0.5 ቢወርድ ግን 20 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ስድስት ሜትር ሲሉት ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው መኪና ፈጽሞ በቆመባት በዚያች ነጥብ ላይ ሁለተኛው መኪና ገና በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ነው። በዚያች ነጥብ ላይ የእግረኛ ማቋረጫ ቢኖርና አንዲት ተማሪ ደብተሯን አቅፋ እየተሻገረች ብትሆን፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ልዩነት በእርሷ አካል ላይ ይመዘናል። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት ሰዎች የሚበዙት እግረኞች መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ይህን ስሌት እንደ ተራ የትምህርት ቤት ጥያቄ ሊያልፈው አይችልም።

ከሜክሲኮ ገባ ብሎ በአንዱ የውስጥ መንገድ፣ ካላማዳሪ እየለጠፈ የሚውል አንድ ጎሚስታ ይህን የመሰለ ጎማ ፈትቶ ሲመረምር ተመልክቼ ነበር። ከጥርሶቹ መካከል የተሰነቀረ፣ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል ጠጠር በካቻቢቴ ፈልቅቆ አወጣና ለባለ መኪናው፣ ጠጉራቸው ለሸበተው ሰውዬ፣ አሳያቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ ብትፈናጠር ከኋላ ያለውን መስተዋት ነው የምታወርደው» አላቸው።

«ጎማው ግን ገና አዲስ ነው፤ ለምን ይንቀጠቀጥብኛል ልጄ?» ሲሉ ጠየቁት።

«እስቲ በእጅዎ ይዳስሱት።»

ሰውየው መዳፋቸውን በጎማው ላይ ወደ ፊት አስኬዱት፤ ለስላሳ ነበር፤ ወደ ኋላ ሲመልሱት ግን እያንዳንዱ ጥርስ በአንድ ጠርዙ ተበልቶ በሌላው ሹል ሆኖ ስለቀረ እጃቸውን ያዘው። ጎሚስታው አስፋልት እንዲህ አድርጎ እንደሚበላው፣ የፊቱንና የኋላውን ቶሎ ቶሎ ካላቀያየሩት ጩኸቱም ንዝረቱም እየባሰ እንደሚሄድ፣ በቸርኬው ላይ የባላንስ እርሳስ ቢጨምርም ለጊዜው እንጂ መድኃኒት እንደማይሆነው በትዕግሥት አስረዳቸው። ያን ዕለት ከዚያ ወጣት የሰማሁትን ያህል ግልጽ ትምህርት ከአንድም ሻጭ አልሰማሁም፤ ሻጩ የሚናገረው ጎማው የት እንደሚገባ ነው እንጂ የት እንደሚቆም አይደለምና።

ከፍ ያለ ጎማ የሚያደርጉ ሰዎች ደግሞ ሳያውቁት የሚወድቁበት ሌላ ስሕተት አለ። በ16 ኢንች ቸርኬ ላይ 265/70 የነበረውን ጎማ አውጥቶ 285/75 ያደረገ ሰው፣ የጎማውን ቁመት ከ777 ወደ 834 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጎታል፤ ከዚያ በኋላ የፍጥነት መለኪያው ከቀድሞው ሰባት በመቶ ያህል አሳንሶ ያነብብለታል። ጎማው ከጭቃ መከላከያው ውጭ የወጣ እንደ ሆነም ጭቃውንና ጠጠሩን የሚያግድ ነገር ስለማይኖር፣ ነጭ ነጠላ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ እግረኛ በረከቱን ተቀብሎ ሳይጨርስ ልብሱ በዋልካ ይታተማል።

ዋልካ ውስጥ ለማለፍ ሲል አየር የሚያስተነፍስ ሹፌርም አለ፤ ጥበቡ ትክክል ነው፤ ጎማው ሲላላ ገጹ ይሰፋና በጭቃው ላይ ይንሳፈፋል። ነገር ግን ያንኑ የላላ ጎማ ሳያስነፋ ሰበታን አልፎ በፍጥነት መሐል ከተማ ቢገባ፣ ጎኑ በየዙሩ እየተጣጠፈ ይግላል፤ ግለቱም ከውስጥ ያለውን ድርና ማግ ያላቅቀዋል። መንፊያ ለሌለው ሹፌር የመጀመሪያው ነዳጅ ማደያ ጋር ቆሞ አየር መሙላት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ የነበረው ዘመን ሁሉ መኪና መንገድን የሚጠብቅበት ዘመን ነበር። የመንገድ ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር እንኳ የመላው አገር መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እጅግ ቢበዛም የሚበዛው ዛሬም ጠጠርና አፈር ነው። ስለዚህ ሁለቱን ዓይነት መሬት በአንድ ቀን ለሚረግጥ ሰው ቁርጥ ያለ ፍርድ መስጠት ይከብደኛል። ከከተማው ቅጥር ወጥቶ ለማያውቅ፣ ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ ለሚመላለስ፣ ይህንንም ጎማ ለግርማ ሞገስ ብቻ ላደረገ ሰው ግን ፍርዱ አይከብደኝም፤ የሚያተርፈው ነገር ጩኸትና የነዳጅ ወጪ ነው፤ አደጋውን ደግሞ ያካፈለው ላልተማከረ መንገደኛ ነው።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 እያንዳንዱ መኪና በየጊዜው እንዲመረመር ያዝዛል። ነገር ግን ጥልቀት የሚለካ መርማሪ ሁሉ የተላጠውን ጎማ ነው የሚይዘው፤ የጭቃ ጎማ ደግሞ ከሁሉ የጠለቀ ጥርስ ስላለው ይህን ፈተና ከሁሉ አስቀድሞ ያልፋል። ስለዚህ ቦሎ መለጠፉ ብቻ ጎማው ለከተማ መስማማቱን አይመሰክርም፤ ሹፌሩ ራሱ ርቀቱን አስፍቶ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ዝናም በጀመረበት ሰዓት ፍሬኑን አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል።

ሹፌሩ ግን ብዙ ጊዜ ጎማውን አልመረጠውም። ሜክሲኮ ላይ ከሚታዩት ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤትና የእርዳታ ድርጅት ንብረት ናቸው፤ ጎማው የሚመረጠው በግዥ ክፍል ጠረጴዛ ላይ፣ የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ ነው። በጎዳናና በጭቃ ጎማ መካከል ያለ፣ ጥርሱ የተቀራረበና ስንጥቁ የበዛ፣ በንግድ ስሙ «ኤ ቲ» የሚባል ጎማ በገበያ አለ፤ የጠጠር መንገድንና ልከኛ ጭቃን ይችላል፤ እርጥብ አስፋልትንም ከጭቃው ጎማ በተሻለ ይይዛል። የግዥ ክፍሉ ኃላፊ የጎማ መጠየቂያ ከመፈረሙ በፊት የየመኪናውን የጉዞ መዝገብ አስመጥቶ፣ ባለፈው ዓመት ከሄደው ኪሎ ሜትር ስንቱ በአስፋልት ላይ፣ ስንቱስ በዋልካ ውስጥ እንደ ነበረ ቢቆጥር፣ የትኛው መኪና የጭቃ ጎማ እንደሚያስፈልገው፣ የትኛው ደግሞ «ኤ ቲ» እንደሚበቃው ከዚያው መዝገብ ላይ ያነብበዋል።