ሳይቀልጥ ስለሚተን ነገርና ድብልቅን ስለ መለየት

በድሬዳዋ ከተማ የሚኖር ሰው ጋቢውንና የበዓል ልብሱን በሣጥን ሲያኖር ብል እንዳይበላበት ናፍታሊን የሚባለውን ነጭ ድብልብል በልብሱ መካከል ይጨምራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሣጥኑ ሲከፈት ድብልብሉ አንሶ ወይም ፈጽሞ ጠፍቶ ይገኛል። ልብሱ ግን አልረጠበም፤ የቀለጠ ነገር ምልክትም የለበትም። ብዙ ሰው ነገሩን «በነነ ጠፋ» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ጠፋ የተባለው መልኩን ለውጦ ወደ አየር ሄደ እንጂ አልጠፋም። ይህን መመርመር ለተማሪ ዕውቀት፣ ለቤተ ሰብም ጤና የሚሆን ነው።

ቅቤና ሰም ሙቀት ሲያገኛቸው አስቀድመው ይቀልጣሉ። ውሃም ከበረዶ ወደ ፈሳሽ፣ ከፈሳሽም ወደ እንፋሎት ይለወጣል። አንዳንድ ጠጣር ነገር ግን ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ይተናል፤ ይህም በኬሚስትሪ ትምህርት ሰብሊሜሽን ይባላል። ተኑም ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ እንዲሁ ፈሳሽ ሳይሆን ተመልሶ ጠጣር ይሆናል። በሰሜን ተራራ በብርድ ሌሊት ሣሩን የሚያለብሰው ውርጭ በአየር ውስጥ ካለው የውሃ ተን የሚሠራው በዚሁ በመመለሻው መንገድ ነው።

የዚህም ምክንያት እንደሚከተለው ነው። ናፍታሊን ሞሌኪውል ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ሲሆን፣ እነርሱን የሚያያይዛቸው ኀይል ደካማ ስለ ሆነ በጥቂት ሙቀት ከላይ ከላይ እየተላቀቁ ይሄዳሉ። የገበታ ጨው ክፍሎች ግን በኤሌክትሪክ ኀይል አጥብቀው ይያያዛሉ። ስለዚህ ናፍታሊን በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ፣ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ነው።

የተደባለቀን ነገር መለየት ለአገራችን ሰው አዲስ ጥበብ አይደለም። ገበሬ ገለባውን ከእህሉ በነፋስ ይለያል። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ከተማዪቱ የሐረርጌ ቡና መውጫ በሆነች ጊዜ፣ መልካሙ ፍሬ ከተበላሸው በእጅ እየተለቀመ ይለይ ነበር። ነፋስ ቀላሉን ከከባዱ፣ ዓይንና እጅም ደጉን ከክፉው ይለያሉ። በአፋር ምድር በአፍዴራ ጨው ሲመረት ውሃው በፀሐይ ይተናል፣ ጨው ይቀራል። በሰብሊሜሽን ግን የሚሄደው ጠጣሩ ነው። እንግዲህ የመለየት ሥራ ሁሉ መሠረቱ አንድ ነው፤ ይኸውም ከመጀመር በፊት የተደባለቁት ነገሮች በምን ጠባይ እንደሚለያዩ ማወቅ ነው።

መምህሩ ይህን በውድ ዕቃ ሳይሆን በቀላል ነገር ሊያሳይ ይችላል። አንድ ማንኪያ የተፈጨ ናፍታሊን፣ አንድ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት ማንኪያም ዝናብ በሌለበት ወራት ከደቻቱ ወንዝ የተዛቀ ደረቅ አሸዋ በቆርቆሮ ጣሳ ይደባልቅ። በጣሳው አፍ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ሳሕን ይክደን፤ ጣሳውንም እስከ ወገቡ ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ያቁም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ በዚያ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ናፍታሊንን ያቀልጠዋል። ስለዚህ ሁለት እጅ የፈላ ውሃ በአንድ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ቢደባለቅ ወደ 70 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሲቀዘቅዝም ይታደሳል። የናፍታሊን ተን በእሳት የሚያያዝ ነውና ድስቱ ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ። በገበያ የሚሸጥ ሌላ ዓይነት የብል መድኃኒት ደግሞ በ53 ዲግሪ ይቀልጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ጥቂት ፍርፋሪ ለብቻው ይፈተን፤ ከቀለጠ አንድ እጅ የፈላ ውሃ በሁለት እጅ ቀዝቃዛ ይደረግ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሳሕኑ ሥር ነጭና የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ይታያል። ይህ ከአሸዋውና ከጨው የተለየ ንጹሕ ናፍታሊን ነው። ቅርፊቱ መጨመሩን ሲያቆም በጣሳው የቀረው በውሃ ይበጥበጥ፣ በጨርቅም ይጠለል፤ አሸዋው በጨርቁ ላይ ይቀራል። ጨዋማው ውሃ በዝርግ ሳሕን ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ደግሞ ጨው ይቀራል። ናፍታሊንም አሸዋም በውሃ ስለማይሟሙ፣ ውሃ ብቻውን እነዚህን ሁለቱን ሊለያቸው ባልቻለም ነበር። ሦስት ነገር በሦስት ጠባይ ተለየ ማለት ነው።

ሥራው ሁሉ በደጅ፣ ነፋስ ባለበት፣ በመምህሩ እጅ ይሁን፤ ልጆችም ራቅ ብለው ይመልከቱ። ዕቃው ዳግመኛ ለምግብ አይዋል፤ የተገኘውም ጨው አይቀመስ። ድብልብሉ ከረሜላ ስለሚመስል ሕፃን እንዳይውጠው በብርቱ ይጠበቅ።

ሽማግሌዎችም ለጎረቤቶቻቸው ሊያስረዱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከሣጥኑ የሚሸተው ሽታ የናፍታሊኑ መልእክተኛ አይደለም፤ ራሱ ናፍታሊኑ ነው። በሳሕኑ ሥር እንደ ተጠራቀመ ሁሉ በልብሱም ውስጥ ይጠራቀማል፤ በእስትንፋስና በቆዳም ወደ ሰውነት ይገባል። በትውልድ የደማቸው ቀይ ሕዋስ ቶሎ የሚፈርስባቸው ሕፃናት አሉ፤ እነርሱም ይህን ተን በያዘ ልብስ ቢጠቀለሉ ደማቸው ተጎድቶ ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ይሆናል፤ ለሞት የሚያደርስበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ የሕፃን ልብስና መጠቅለያ ከናፍታሊን ጋራ ፈጽሞ አይቀመጥ። የትልቅ ሰውም ልብስ ከሣጥን ሲወጣ በፀሐይና በነፋስ ይሰጣ፣ ይታጠብም። እንዲህ ያለ ልብስ በቤቱ ያለው ሰው ሕፃን ቢጫ ሆኖ ቢያይ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይውሰድ፤ ልብሱ በናፍታሊን የተቀመጠ መሆኑንም ይናገር።