ታርዛንን የተሰናበቱት ጎንደሬ

ምስል፦ ጎንደር ፒያሳ፣ ረፋድ ላይ። ጣሊያን ሠርቷቸው የሄዱት ሕንፃዎች፤ ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ።

ተራኪ፦ የጎንደር ልጆች ታርዛንን ለማየት ሲኒማ ቤት የሚጋፉበት ዘመን ነበር። ጥቁሮቹ ተደብቀው ከኋላ ሲመጡበት ልጆቹ ነጩን ጀግና ለማስጠንቀቅ ይጮኻሉ። ከጯኺዎቹ መካከል በየካቲት 1938 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተወለዱት ኃይሌ ገሪማ ይገኙበታል። ታዋቂ የፊልም ዳይሬክተር ከሆኑ በኋላም ይህን ታሪክ ደጋግመው ያነሱታል። አፍሪካዊ ሕፃን በገዛ ወገኑ ላይ መጮኽን ከፊልም ተማረ ይላሉ።

ቤታቸው ግን ሌላ ትምህርት ነበር። አባታቸው ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» በተሰኘው መጽሐፋቸው የአርበኞችን ተጋድሎ የጻፉ፣ ተውኔት እየደረሱም ከአገር አገር እየተዘዋወሩ የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። ኃይሌ መድረክ የለመዱት በአባታቸው ተውኔት ነው።

ምስል፦ የቺካጎ እና የሎስ አንጀለስ አሮጌ ፎቶግራፎች።

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ገቡ። ቺካጎ ጉድማን የቲያትር ትምህርት ቤት ሲማሩ የሚሰጧቸው ገጸ ባሕርያት አሽከርና ተላላኪ ሆኑባቸው። ቲያትሩን ትተው በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ማጥናት ያዙ። እዚያ ከተማሪ ጓደኞቻቸው ከእነ ቻርልስ በርኔት ጋር ከሆሊውድ ያፈነገጠ የጥቁሮች ሲኒማ ፈጠሩ።

«ቡሽ ማማ» የተሰኘውን ፊልማቸውን ሲቀርፁ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ የፊልም ቡድናቸውን ፈተሸ። ካሜራው አልቆመም ነበር። ፍተሻው ራሱ የፊልሙ መክፈቻ ሆነ።

ምስል፦ ከ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፣ ጥቁርና ነጭ። ጢሰኛው ያርሳል፤ ባለ መሬቱ ተቀምጦ ያዝዛል።

ተራኪ፦ የ1966ቱ አብዮት አገሩን በሚንጥበት ወቅት ኢትዮጵያ መጡ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀርፀው ጨረሱ። ሁለት ሰዓት ተኩል በሚፈጀው ፊልም ንግግሩ አማርኛ ነው፤ የሚበዛው ግን በሬ ሲጠመድ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ከብት ሲጠበቅ ነው። ቸኩሎ የሚያልፍ ነገር የለም፤ ድካሙ በራሱ ልክ ይታያል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 በስዊዘርላንድ በሎካርኖ የፊልም ፌስቲቫል ተሸለመ። ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሲሲ የመሠረተው የፊልም ተቋም በኋላ አድሶታል።

የሚተዳደሩት ግን በማስተማር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተን ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተምረዋል። «አራይቫል» የተሰኘውን ፊልም ቀርጾ ለኦስካር የታጨው ብራድፎርድ ያንግ ተማሪያቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ» ወጣ። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል ጋና የባሪያ ንግድ ምሽግ ላይ ፎቶ ስትነሳ፣ ድንገት ራሷን በባርነት ዘመን እርሻ ላይ ታገኘዋለች። በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ለውድድር ቢቀርብም የአሜሪካ አከፋፋይ አልተቀበለውም። ኃይሌና ባለቤታቸው፣ የፊልም ባለሙያዋ ሺሪኪያና አይና፣ አዳራሽ እየተከራዩ በየከተማው አሳዩት። ተመልካቹን የጠሩት ቤተ ክርስቲያኖችና የሰፈር ማኅበራት ናቸው። በገቢውም ዋሽንግተን ውስጥ «ሳንኮፋ» የተባለ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ።

ምስል፦ ጣና ሐይቅ፤ ከኮረብታው ወደ ውኃው።

ተራኪ፦ «ጤዛ» የተሰኘውን ፊልም ለመሥራት ገንዘብ ሲያፈላልጉ 14 ዓመት አለፈ። ጀርመን ሕክምና የተማረው የፊልሙ ባለታሪክ አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ፣ ወደ አሮጊት እናቱ ይመለሳል። የደርግ ወታደሮች ወጣቶችን ለጦርነት ያፍሳሉ፤ ልጆች ዋሻ ይደበቃሉ። አገሩን በአብዮት ሊለውጥ የነበረ ምሁር ሕዝቡን ከዳር ቆሞ ሲያይ እናየዋለን፤ መፍትሔው ከላይ ሳይሆን መንደር ገብቶ ማስተማር ሆነበት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት በዋጋዱጉው የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት አሸነፈ።

ምስል፦ የ«ሳንኮፋ» ፖስተር።

ተራኪ፦ አከፋፋይ አጥቶ የነበረው «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ቀረበ። የሎስ አንጀለሱ አካዳሚ ሙዚየምም በዚያው ዓመት ሸለማቸው። በ28 ዓመት ውስጥ የፊልሙ ታሪክ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ገበያው ነው። ኃይሌ ገሪማ ገበያውን ሊከተሉ ቢሞክሩ ኖሮ «ምርት»ም «ጤዛ»ም አይኖሩም ነበር።