በመሳቢያ የተረሳው ፊልም

ከአገራችሁ ስትወጡ በሻንጣችሁ ጥግ ይዛችሁት የመጣችሁት ሳይታጠብ የቀረ ፊልም የለም? እስቲ መሳቢያውን ፈትሹት። በብዙዎቻችን ቤት እንዲህ ያለ ጥቅል አይጠፋም። ኑሮ ሲያሯሩጠን፣ «ነገ አሳጥበዋለሁ» ስንል ዓመታት ነጎዱ። በዚህ መካከል የሰፈሩ ፎቶ ቤትም ተዘጋ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በ1998 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲወጣ ሁለት የቀለም ፊልሞች ይዞ ነበር። በመጨረሻው እሑድ እናቱ ቤት የተነሡ ናቸው። አንደኛውን እዚህ ላገኘው ፎቶ ቤት ሰጠ። ፎቶ ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ ልኮት ኖሮ በዚያው ጠፋ። «ይቅርታ» ተባለና በምትኩ አንድ ባዶ ፊልም ተሰጠው። ሁለተኛውን ለማንም አልሰጥም ብሎ አስቀመጠ። እናቱ በ2011 ዓ.ም. አረፉ። ፊልም ቤት ውስጥ ማጠብ ይቻል እንደሆነ ማጠያየቅ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይቻላል። የቀለም ኔጋቲቭ የሚታጠብበት ሲ-41 የተባለው ዘዴ ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው ሲሆን ዛሬም ይሠራበታል። ስለዚህ መጀመሪያ የፊልሙን ቆርቆሮ አንብቡ። «ሲ-41» ወይም በፉጂ ፊልም ላይ «ሲኤን-16» የሚል ካለበት በዚሁ መድኃኒት ይታጠባል። «ኮዳክሮም» የሚል ከሆነ ግን አትድከሙ። ያንን ያጥብ የነበረው የመጨረሻው ቤት፣ አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ፊልም መቀበል አቁሟል።

መድኃኒቱ በዱቄት መልክ በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ ይሸጣል። ዱቄቱ ቀላል ስለሆነ በፖስታ ለማስመጣት ይመቻል። በሞቀ ውሃ ሲበጠበጥ የአንድ ሊትር ዴቨሎፐር፣ የአንድ ሊትር ብሊክስ እና ማጠናቀቂያ ይሆናል። ዴቨሎፐሩ ሥዕሉንና ቀለሙን ያወጣል፤ ብሊክሱ በፊልሙ ላይ ያለውን ብር አጥቦ ቀለሙን ብቻ ያስቀራል። ከዚህ ሌላ ብርሃን የማያስገባ የፊልም ታንክ፣ ቴርሞሜትር፣ ጓንት፣ ሳፋና ሰዓት ይበቃል። ጨለማ የሚያስፈልገው ፊልሙን ታንኩ ውስጥ እስክትከቱት ድረስ ብቻ ነው። እጅ የሚያስገባ ጥቁር ከረጢት ካላችሁ ደግሞ ጨለማ ክፍልም አያስፈልግም።

ዋናው ነገር ሙቀቱ ነው። ዴቨሎፐሩ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት፤ ሕፃን ከምናጥብበት ውሃ ብዙም አይርቅም። የቀለም ፊልም ሦስት የቀለም ንብርብሮች ስላሉት ውሃው ከቀዘቀዘ አንዱ ከሌላው እኩል አይወጣም፤ የሰው ፊት አረንጓዴ ወይም ቀይ ይመታል። ስለዚህ ጠርሙሶቹንም ታንኩንም ሙቅ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ አቆዩአቸው። ዴቨሎፐር ሦስት ደቂቃ ተኩል፣ ታንኩን በየ30 ሴኮንዱ እየገለበጡ፤ ብሊክስ ስምንት ደቂቃ፤ በውሃ ማለቅለቅ ሦስት ደቂቃ፤ ማጠናቀቂያ አንድ ደቂቃ። ከዚያ አቧራ በሌለበት መታጠቢያ ቤት ማንጠልጠል ነው። የምትገዙት ጥቅል መመሪያ ከዚህ የተለየ ሰዓት ከሰጠ እሱን ተከተሉ።

ብሊክስ ጋዝ ስለሚያወጣ የታንኩን ክዳን በየጊዜው ላላ አድርጉ፤ መስኮትም ክፈቱ። የብሊክስ ጠብታ ዴቨሎፐር ውስጥ ከገባ ዴቨሎፐሩ ይበላሻል። ወጥ በምትሠሩበት ድስት አትበጥብጡ፤ ልጆችን አርቁ። ያገለገለውን ብሊክስ ብር ስላለበት ከተማችሁ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ውሰዱ እንጂ አትድፉት።

ከሁሉ በላይ የምንመክረው ግን አንድ ነገር ነው። የከበረውን ፊልም መጀመሪያ አትንኩ! አዲስ ፊልም ገዝታችሁ ልጆቻችሁን አንሡበትና እሱን እጠቡ። ይህ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ፊልም ታንኩ ውስጥ ሲጠቀልል አጣብቆት ግማሹ ሳይታጠብ ቀርቷል። የእናቱ ፊልም ቢሆን ኖሮ?

ሦስተኛው ሙከራ ከተሳካለት በኋላ የእናቱን ፊልም ከተተ። ስምንቱ ደቂቃ አላልቅ አለው። ከ36ቱ 22ቱ ወጡ። ቀለማቸው ደብዝዟል፤ ጥቁሩም ግራጫ ሆኗል። ያረጀ ፊልም እንዲህ ነው፤ ሥዕሉ በቆየ ቁጥር ይደክማል። በአንደኛው ላይ ግን እናቱ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ ፎቶ መነሣት እንደማይወዱ በእጃቸው ሲያመለክቱ ይታያሉ። ያንን ፎቶ አባዝቶ ለእኅትና ለወንድሞቹ ላከ።

ወገኖቻችን፣ ፊልም አይጠብቅም። ለጉዞ ስትነሡም ያልታጠበ ፊልም ወደ አውሮፕላኑ ሆድ በሚገባ ሻንጣ አትክተቱ፤ የራጅ መፈተሻው ያበላሸዋል። በእጃችሁ ይዛችሁ በዓይን እንዲታይላችሁ ጠይቁ። ዛሬ ማታ ግን መሳቢያውን ክፈቱ።