ደጋነት ብቻውን ምሽግ አይሆንም

የጎጃም ምድር አባይ በሦስት ማዕዘን የከበበው በመሆኑ በሸለቆ መካከል የቆመ ደሴት ይመስላል። ከደጀን ጫፍ ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ተጉዞ የደጋውን ብርድ በሐሩር ይለውጣል። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚህም የተነሣ ወባን የቆላ ሰው ዕዳ፣ ደጋውን የማይነካ ንዳድ አድርጎ የመመልከት ልማድ ሰፍኖ ኖሯል። ይህ አመለካከት ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ያዘናጋል።

ለመሆኑ ደጋውን ከወባ የሚጠብቀው ምንድን ነው? የወባ ተሕዋስ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይሻል። ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ የገዳዩ ዝርያ ዕድገት እጅግ ይጓተታል፤ ትንኟም ተሕዋሱ ሳይበስል ዕድሜዋ ያልቃል። እንግዲህ ጋሻው ቅዝቃዜው እንጂ ተራራው አይደለም። ቅዝቃዜ ደግሞ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። የኢትዮጵያንና የኮሎምቢያን ደጋዎች መርምሮ በ2006 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ በሞቃታማ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል።

የአገራችን ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው ባየለበት በ1950 ዓ.ም. ክረምት የተነሣው ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች አዳረሰ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደታመመና 150,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። ከመቶ ሕሙማን አምስቱ ማለት ነው። ሕዝቡን የፈጀው ትንኝ ብቻ አልነበረም። የጤና አገልግሎት ከጥቂት ከተሞች ባልወጣበት በዚያ የባላባት ሥርዓት፣ ገባሩ ገበሬ ሐኪምም መድኃኒትም ሳያይ ነበር የሚቀበረው።

በውቅያኖስ የተከበበችው የስሪላንካ ደሴት ያሳለፈችው ልምድም ትምህርት ሰጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በዚያች አገር ዓመቱን ሙሉ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 17 ብቻ ነበሩ። ጠላት የተደመሰሰ መስሎ ርጭቱ ቆመ፣ ክትትሉም ላላ። በ1968 እና በ1969 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታመመ። ባሕሩ አልጠበቃትም። ደሴቲቱ ከወባ ነጻ መሆኗ በዓለም የጤና ድርጅት የተረጋገጠላት በ2016 ሲሆን፣ ለዚህ ያበቃት እያንዳንዱን ሕመምተኛ ፈልጎ የማግኘት፣ የመመርመርና የበሽታውን መነሻ የማጣራት የማያቋርጥ ሥራ ነው። ዛሬም ከውጭ ተይዞ የሚገባውን በሽታ ነቅታ ትጠብቃለች።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ከታኅሣሥ 2016 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። አኃዙን ከ1950ው ጋር ያነጻጽሯል። ሕሙማኑ ከእጥፍ በላይ ሲሆኑ ሟቾቹ ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ምርመራና መድኃኒት ወደ ቀበሌ መውረዱ፣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው መሰማራታቸው ሞትን እንደገታ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሞትን መቀነስ ስርጭትን መግታት አይደለም።

ስርጭቱ የሚከተለው የሥራን መንገድ ነው። በየክረምቱ መሬት ያነሰው የደጋ ወጣት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ያድራል፤ ጉልበቱን ሸጦ ሲመለስም ከደመወዙ ጋር ተሕዋሱን ይዞ ሊገባ ይችላል። ትርፉን የሚሰበስበው ባለ እርሻው ሲሆን፣ ትኩሳቱን የሚሸከመው ላብ አደሩና ቤተሰቡ ናቸው። ስለዚህ የአጎበርና የሕክምና ወጪ በጉልበቱ ከሚጠቀመው ወገን ሊጠየቅ ይገባል። ክትትል ማለትም ተመላሹን ሠራተኛ እንደ ጥፋተኛ መጠርጠር ሳይሆን፣ መብቱ የሆነውን ምርመራ በወቅቱ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች ብሂል ሰሚ የሚያገኘው፣ ታማሚው ሳይሸማቀቅ ሕመሙን የሚናገርበት ማኅበር ሲኖር ነው።

በዚህ ረገድ የቀበሌ ነዋሪዎችና የዕድር አባላት ድርሻ ግልጽ ነው። ወደ ቆላ የሚወርደውንና የሚመለሰውን ለይቶ ማወቅ፤ ትኩሳት የያዘው ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ እንዲያደርግ መገፋፋት፤ የታዘዘው መድኃኒት እስከ መጨረሻው እንዲወሰድ መከታተል፤ ከቆላ ተመላሽ ያልሆነ ሰው በወባ ሲያዝ ለጤና ጣቢያው ሳይውል ሳያድር ማሳወቅ። ይህ የመጨረሻው ምልክት ትንኟ ደጋውን መልመዷን ሊያመለክት ስለሚችል ከሁሉም ይበልጥ ሊናቅ አይገባውም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ቅዝቃዜ የሰጠንን ጋሻ በተደራጀ ክትትል ማጠናከር ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው የወባ ወቅት ከመግባቱ በፊት የሚጀመር ሥራ ነው። ይህም ለጤና ባለሙያው ብቻ የሚተው ሳይሆን የእያንዳንዱ ነዋሪ ኃላፊነት ነው።