ግራፊን ምንድን ነው? ለፕሮቲን ምርመራስ ምን ይጠቅማል?

የምንጽፍበትን እርሳስ «እርሳስ» እንለዋለን እንጂ በውስጡ እርሳስ የሚባለው ብረት የለበትም። ጥቁሩ ነገር ከሸክላ ጋር የተደባለቀ ግራፋይት ነው። ግራፋይት ደግሞ ካርቦን ነው። ወረቀት ላይ ምልክት የሚተወው አተሞቹ መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ በስስ በስሱ ስለተነባበሩና አንዱ ንብር ከሌላው በቀላሉ ስለሚላቀቅ ነው።

ከንብሮቹ አንዷን ብቻ ለይተን ብንይዝ ግራፊን ትባላለች፤ ውፍረቷ የአንድ አተም ያህል ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በእንግሊዝ አገር፣ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ፣ በተራ ማጣበቂያ ፕላስተር ከግራፋይት ላይ እየላጡ ለይዋት፤ በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይህች ስስ ነገር የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎችን ከምን ችግር እንዳወጣች ቀጥለን እንመልከት።

ችግሩ

ፕሮቲን እጅግ ትንሽ በመሆኑ ቅርጹን ለማየት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ነገር ግን በመሣሪያው ውስጥ አየር ስለሌለ ውሃ ወዲያው ይተናል፤ ፕሮቲኑም ያለ ውሃ ቅርጹ ይበላሻል። እናቀዝቅዘው ቢባል፣ ውሃ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የበረዶ ክሪስታል ይሠራና ናሙናውንም ምስሉንም ያበላሻል።

መፍትሔውን በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ዣክ ዱቦሼና ባልደረቦቹ ጀርመን አገር፣ ሃይድልበርግ ውስጥ አገኙ። ይኸውም ውሃው ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ እንዳያገኝ በቅጽበት ማቀዝቀዝ ነው። ናሙናው ስፋቱ 3 ሚሊሜትር በሆነ ወንፊት ላይ ይንጠባጠባል፤ ትርፉ በመምጠጫ ወረቀት ይነሳል፤ ከዚያ ወንፊቱ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ፈሳሽ ኢቴን ውስጥ ይነከራል። ውሃውም እንደ መስታወት ይጠጥራል። ዱቦሼ ከዮአኪም ፍራንክና ከሪቻርድ ሄንደርሰን ጋር በ2017 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

«ፈሳሽ ናይትሮጂን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ አይደል እንዴ? ለምን በሱ አልተጠቀሙም?» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ጥሩ ነው። በጋለ ምጣድ ላይ የወደቀች የውሃ ጠብታ ቶሎ ሳትደርቅ ስትንከባለል ሁላችንም አይተናል። ከሥሯ የእንፋሎት ሽፋን ስላለ ነው። ናይትሮጂንም ወንፊቱ ሲገባበት ፈልቶ በጋዝ ይከበዋል፤ በዚህ ምክንያት ሙቀቱ ቶሎ አይወጣም። ስለዚህ ናይትሮጂኑ ኢቴኑን ለማቀዝቀዝ ብቻ ይውላል።

ግራፊን የገባችው የት ላይ ነው?

ወንፊቱ ላይ የተነጠፈው የካርቦን ሽፋን ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ውሃው በቀዳዳዎቹ ላይ እንደ ስስ ገለፈት ይዘረጋል። እስኪቀዘቅዝ ባለችው አጭር ጊዜ ፕሮቲኖቹ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ውሃና አየር ከሚገናኙበት ገጽ ጋር ደጋግመው ይጋጫሉ። እዚያም አንዳንዱ ይተረተራል፤ ሌላው ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ ይለጠፋል። አንድን ሰው መቶ ጊዜ ከጀርባው ብቻ ፎቶ ብናነሳው ፊቱን እናውቃለን ወይ? አናውቅም። የፕሮቲንም ሙሉ ቅርጽ የሚገኘው ከልዩ ልዩ አቅጣጫ የተነሱ እጅግ ብዙ ምስሎች ሲገጣጠሙ ነው።

ግራፊን ቀዳዳው ላይ ስትነጠፍ ግን ፕሮቲኑ እሷ ላይ አርፎ ከአየሩ ገጽ ይርቃል። ፕሮቲኑ ወደ እሷ ስለሚሰበሰብ ጥቂት ናሙናም ሊበቃ ይችላል። ቀድሞ ለዚህ ሥራ ይነጠፍ የነበረው ተራ ስስ ካርቦን የራሱን ጥላ ምስሉ ላይ እየጣለ ትንንሽ ፕሮቲኖችን ይጋርድ ነበር። ግራፊን ግን ከአንድ አተም ስለማትወፍር ኤሌክትሮኖቹ እምብዛም ሳይደናቀፉ ያልፏታል።

ታዲያ እሷም የራሷ ጣጣ አላት። ንጹሕ ግራፊን ውሃ በደንብ አይዘረጋባትም። በ2014 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ክሪስቶፈር ሩሶና ሎሪ ፓስሞር ጉልበቱ ዝቅ ባለ የሃይድሮጂን ፕላዝማ አክመው ውሃ እንድትቀበል አደረጓት። ሌሎች ደግሞ ኦክስጅን የተጨመረባትን ግራፊን ኦክሳይድ ይጠቀማሉ። ያም ሆኖ ስትነጠፍ ልትቀደድ ወይም ልትሸበሸብ ትችላለች፤ አንዳንድ ፕሮቲንም እሷኑ በአንድ ጎኑ ብቻ ይይዛታል። ስለዚህ ለሁሉ ናሙና የምትሆን መድኃኒት ናት አንልም።

ለእኛ ለመምህራን

በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ቫይረስ የሰውን ሕዋስ የሚይዝበት የእሾህ ፕሮቲን ቅርጽ የታየው በዚሁ አቀዝቅዞ የማየት ዘዴ ነው። ክትባትና መድኃኒት የሚያዘጋጁ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቅርጽ ማወቅ ይፈልጋሉ። እንግዲህ ስለ ካርቦን ስናስተምር ቀመሩን ብቻ ጽፈን አንለፍ። ለስላሳ የእርሳስ ፍቅፋቂ ፕላስተር ላይ አድርገን፣ አጥፈን ደጋግመን ብንላጥ ጥቁሩ እየሳሳ ሲሄድ ተማሪው ያያል። ግራፊኗን በዓይኑ ባያያትም ሐሳቡን ይይዛል፤ በእጁ ያለው እርሳስም ከብረቱ እርሳስ ጋር ስም እንጂ ሌላ ዝምድና እንደሌለው ይረዳል።