ለነገ ያደረ ወረቀት

ሰው ሥራውን ለነገ የሚያሳድርበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ስንፍና ነው፤ አንዱ የጊዜ እጥረት ነው፤ ሌላው ደግሞ ከሁለቱም የማይመደብ፣ ባለጉዳዩ ብቻ የሚያውቀው ሥጋት ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ይህን ሦስተኛውን ነው። ታሪኩ የአንድ የቀድሞ የሠራዊት ባልደረባችንና የባለቤታቸው ነው። ስማቸው እንዲነገር አልፈለጉም፤ የሆነው ነገር ግን ለሌላው ትምህርት ይሆናል ብለው እንድንጽፈው ፈቅደውልናል።

ባልደረባችን ሻምበል ባሻ ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ በሠራዊቱ ውስጥ አገልግለው በጡረታ ከተገለሉ ወዲህ ኑሯቸውን በዲላ ከተማ መሥርተዋል። በአገልግሎት ዘመናቸው አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፉት በግምጃ ቤት ኃላፊነት ነበር። እኛም ገና ከጦር አካዳሚ እንደወጣን አንድ ብርድ ልብስ ለመረከብ ወደ እርሳቸው ሄደን፣ በወረቀቱ ላይ አንድ ፊርማ ጐድሎ በመገኘቱ ባዶ እጃችንን ተመልሰናል። «ጌታዬ፣ ያለ ሰነድ ከዚህ ቤት መርፌም አትወጣም» ነበር ያሉን። በዚያች ሌሊት በብርድ ብንንቀጠቀጥም ትክክለኛነታቸውን አልካድንም።

ባለቤታቸው በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናቸው። ለሃያ ሁለት ዓመታት የኅብረተሰብ ትምህርት ሲያስተምሩ የምሥራቅ አፍሪካን ካርታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣሉ፣ ሕንድ ውቅያኖስን በሰማያዊ ጠመኔ እያቀለሙ ለልጆች አሳይተዋል። እርሳቸው ራሳቸው ግን ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ታላቅ እኅታቸው ናይሮቢ ውስጥ አነስተኛ የእንጀራ ቤት ከፍተው ይኖራሉ። እኅትማማቾቹ ከተያዩ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ አንድ ውሳኔ ላይ ደረሱ። በሚመጣው ክረምት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ አብረው ወደ ናይሮቢ ይሄዳሉ፤ ከዚያም ከእኅትየው ጋር ሆነው እስከ ሞምባሳ ይዘልቃሉ። መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። ከዲላ በይርጋ ጨፌ፣ በቡሌ ሆራ፣ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ሞያሌ ለመድረስ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሞያሌ የተሠራው የጋራ የድንበር መተላለፊያ በኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አልፎ ናይሮቢ ይገባል። ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ ደግሞ በግንቦት 2009 ዓ.ም. የመንገደኞች አገልግሎት የጀመረው አዲሱ ባቡር አለ። ሻምበል ባሻም በበኩላቸው በሞምባሳ የሚያዩትን መርጠው ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 ፖርቱጋሎች የሠሩትን፣ ከ1696 እስከ 1698 በኦማን ጦር ተከቦ የወደቀውን የፎርት ጂሰስ ምሽግ። ያ ሁሉ ጊዜ ስንቅ እንዴት ይገባ እንደነበር ማወቅ ፈልገው ነበር። የግምጃ ቤት ሰው አይደሉ!

ለወጪው እቁብ ገቡ። እጣው በሰኔ እንዲደርሳቸው ከዳኛው ጋር ተስማሙ። እኅትየውም በበኩላቸው በሐምሌ ወር ሱቃቸውን ለሁለት ሳምንት ሊዘጉ ወሰኑ። የኢትዮጵያና የኬንያ ዜጎች እርስ በርስ ለመጐብኘት ቪዛ አይጠየቁምና የቀረው ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ብቻ ነበር።

መምህርቷ ጊዜ አላጠፉም። በታኅሣሥ የልደት ምስክር ወረቀታቸውን አወጡ፤ ለፓስፖርት አመለከቱ፤ በመጋቢት ተረከቡ፤ በግንቦት ክትባቱን ወሰዱ። ሻምበል ባሻ ግን ከመጀመሪያው ደረጃ፣ ከልደት ምስክር ወረቀቱ፣ አልተንቀሳቀሱም። በጥር «ፎቶግራፍ ያስፈልጋል» አሉ። ፎቶግራፍ ተነሡ። በየካቲት «መታወቂያዬ ሊታደስ ነው፤ በአዲሱ ይሻላል» አሉ። መታወቂያው ታደሰ። በመጋቢት «ጾም ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ይሁን» አሉ። ፋሲካም አለፈ። በግንቦት «ሰኞ እሄዳለሁ» አሉ፤ ሰኞዎቹ ግን ተከታትለው ነጐዱ።

የሚገርመው በዚያው ሰሞን ለጐረቤት ማመልከቻ የሚጽፉት፣ የሰውን ጉዳይ ይዘው በየቢሮው የሚሰለፉት እርሳቸው ነበሩ። የአንዲት ጐረቤት ልጅ የልደት ምስክር ወረቀቷን ያገኘችው በእርሳቸው ድካም ነው። መምህርቷ ይህን ሲያዩ ሆዳቸው ሻከረ። «መሄድ ካልፈለግህ አልሄድም በለኝ» ቢሏቸው፣ «እሄዳለሁ አልኩሽ እኮ!» ከሚል ቁጣ በቀር ያገኙት መልስ የለም። «እንግዲያው አንቺ ቅደሚ፣ እኔ እከተላለሁ» የሚል ሐሳብም አቀረቡ። መምህርቷ ግን አብረን እንሄዳለን ተባብለን እቁብ የገባነው ለሁለት ነው ብለው እምቢ አሉ።

በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት የእቁቡ ገንዘብ ወጣ። መምህርቷ ገንዘቡን ሊያስቀምጡ ባለቤታቸው ከጦር ሰፈር ይዘውት የመጡትን የብረት ሣጥን ከፈቱ። በውስጡ ለልደት ምስክር ወረቀት የሚሞላውን ቅጽ አገኙ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሁሉም በዚያ በምናውቀው ጥርት ያለ የግምጃ ቤት ጽሕፈት ተሞልቷል። ባዶ የቀረው የትውልድ ዘመን ብቻ ነበር። እርሱም በእርሳስ ተጽፎ፣ ተፍቆ፣ እንደገና ተጽፎ፣ እንደገና ተፍቆ ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር።

ማታ ቅጹን ከራት ገበታው አጠገብ አኖሩት።

«ይህ ቦታ ለምን ባዶ ቀረ?»

ሻምበል ባሻ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «የትኛውን ልጻፍ?» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1991 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ ለውትድርና ሲመዘገቡ ዕድሜያቸው አሥራ ስድስት ነበር። ቁመናቸው ዘለግ ያለ ስለነበረ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው ቢሉ የተጠራጠራቸው አልነበረም። በሠራዊቱ መዝገብ የትውልድ ዘመናቸው 1973 ተብሎ ሰፈረ። በክርስትና ምስክር ወረቀታቸውና በቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለው ግን እውነተኛው 1975 ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ከሃያ ዓመት በላይ ሳይገናኙ ኖሩ። አሁን ግን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊገናኙ ሆነ። «ሐሰተኛ ሰነድ ይዘሃል ብባልስ? ጡረታዬን ቢያቋርጡትስ? ለዚህ ቤት በየወሩ የምትገባው እርሷ ናት» አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላውን ሰው ወረቀት ሲመረምሩ የኖሩ ሰው፣ የራሳቸውን ወረቀት ለመርማሪ ማቅረብ ፈርተው ነበር።

መምህርቷ በዚያች ሌሊት ያሉትን ሻምበል ባሻ ራሳቸው ነግረውናል። «የጨመርከው ሁለት ዓመት ምንም አልመሰለኝም። የከፋኝ ሰባት ወር ሙሉ አጠገቤ ተኝተህ ይህን ብቻህን መሸከምህ ነው። እኔኮ የማትፈልገው እኔን መስሎኝ ነበር» ብለዋቸዋል።

በማግስቱ አብረው ወጡ። መጀመሪያ የሄዱት ስለ ጡረታ ለመጠየቅ ነበር። የተቀበሏቸው ሠራተኛ ነገሩን በጥሞና ካዳመጡ በኋላ ለጡረታ የሚያዘው መጀመሪያ በተቀጠሩ ጊዜ የተመዘገበው ዕድሜ እንደሆነ፣ ስለ ዕድሜ ብለው የመጡም እርሳቸው የመጀመሪያው ሰው እንዳልሆኑ አስረዷቸው። ቀጥለው ወደ ወሳኝ ኩነት መዝጋቢዋ ዘንድ ሄዱ። ወጣቷ መዝጋቢ የክርስትናውን ወረቀትና መታወቂያውን አይታ ምን ተጨማሪ ማስረጃ፣ ስንት ምስክር እንደሚያስፈልግ ነገረቻቸው። ሰባት ወር የፈጀው ሥጋት በአንድ ረፋድ መልስ አገኘ። መልሱ ባይመችም እንኳ ቁርጡን በኅዳር ማወቅ በሰኔ ከማወቅ ይሻል እንደነበር ሻምበል ባሻ አይክዱም።

ሆኖም የባከነ ጊዜ በይቅርታ አይመለስም። ለፓስፖርቱ ያመለከቱት በሰኔ አጋማሽ ነው፤ የተረከቡት በነሐሴ 6 ቀን ነው። በሐምሌ ሱቃቸውን ሊዘጉ የነበሩት እኅት ጠብቀው ጠብቀው ሥራቸውን ቀጥለዋል። ሻምበል ባሻ ፓስፖርቱን ይዘው «ነገ እንነሣለን» አሉ። የቀረው መርፌ ብቻ ነው፤ መርፌ ደግሞ በመንገድ ላይም ይወጉታል ብለው ነበርና። በማግስቱ ክትባቱን የሰጠቻቸው ነርስ ግን ምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከአሥር ቀን በኋላ መሆኑን ነገረቻቸው።

እዚህ ላይ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ማብራራት ተገቢ ነው። አሥሩ ቀን የቢሮ አሠራር አይደለም። ሰውነት ክትባቱን ተቀብሎ በሽታውን የሚከላከልበትን ኃይል ለማበጀት የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ለአለቃ በማመልከት፣ ዘመድ በመፈለግ ወይም በመለማመጥ አያጥርም። በአንጻሩ ደግሞ ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት አንድ ጊዜ የተሰጠ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ለተከታቢው ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ እንደ ቀድሞው በየአሥር ዓመቱ መታደስ የለበትም። እንግዲህ ቀድሞ የተከተበ ሰው አንድም ቀን አይከስርም፤ የዘገየ ግን አሥር ቀን በግዴታ ይከፍላል።

ሻምበል ባሻም ከፈሉ። ጉዞው በነሐሴ 17 ተጀመረ። መምህርቷ በነሐሴ 28 ትምህርት ቤታቸው መገኘት ነበረባቸው። የመንገዱ ቀን ሲቀነስ ለናይሮቢ የቀረው ስድስት ቀን ነው። እኅትማማቾቹ በሱቁ ደጃፍ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ሻምበል ባሻ ሻንጣውን ይዘው ከመንገድ ዳር እንደ ዘብ ቆመው ነበር። እኅትየው ሱቁን እንደገና ሊዘጉ አልቻሉም። ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ወደ ሞምባሳ ደርሰው ሊመለሱ ይችሉ ነበር፤ መምህርቷ ግን «አሥራ ሰባት ዓመት ከጠበቅኋት እኅቴ ላይ ሁለት ቀን ቆርሼ ለባሕር አልሰጥም» አሉ። ስድስቱንም ቀን ከእኅታቸው ጋር እንጀራ ሲጋግሩ፣ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ሌሊቱን ሲያወጉ አሳለፉ። ባሕሩም ምሽጉም ሳይታይ ቀረ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንቀስማለን? በውትድርና ትምህርት አንድ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት መንገዱ ይጠናል፤ እንቅፋቱም አስቀድሞ ይለያል። የቤተሰብ ጉዞም ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለዚህ መንገደኛ ከሁሉ አስቀድሞ ያሉትን ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ስም ከስም፣ ዘመን ከዘመን ያስተያይ። በተለይ የትውልድ ቀን ከእኛ አቈጣጠር ወደ አውሮፓውያን ሲዛወር ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት መሆኑን አይርሳ፤ በዚህች አንዲት ዓመት ስሕተት ብዙ ሰው ተጕላልቷል። ፓስፖርት ያለውም ቢሆን ቀሪ ዘመኑን ይመልከት፤ ከስድስት ወር ያነሰ ጊዜ የቀረውን ፓስፖርት የማይቀበሉ አገሮች ብዙ ናቸውና። ክትባቱን ቀን ሳለው ይውሰድ። ያልገባውን ነገር ደግሞ ከመንገድ ወሬ ሳይሆን ከባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት በአካል ቀርቦ ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ ግን ለወረቀቱ ነው። ወረቀቱን የሚያዘገየው ሥጋት መድኃኒቱ ሌላ ነው። ባል ወይም ሚስት ጉዳዩን ከወር ወደ ወር ሲያሻግሩ ስታዩ፣ ውድ አንባቢያን፣ ከመቈጣታችሁ በፊት «ምን ያሰጋሃል? ምን ያሰጋሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያዘገየውም ወገን «ሰኞ እሄዳለሁ» ከማለት «ይህን ፈርቻለሁ» ማለትን ይልመድ። ይህን ቃል መናገር በተለይ ለወታደር ከባድ እንደሆነ እኛም ከራሳችን እናውቃለን። በጦር ሜዳ ያልፈራ ሰው በአንድ መስኮት ፊት ለፊት ፈራሁ ሲል ያፍራል። ይሁን እንጂ ሻምበል ባሻን ሰባት ወርና አንድ ባሕር ያስከፈላቸው ፍርሃቱ ሳይሆን ዝምታው ነው።

በቅርቡ በዲላ ስናልፍ ቤታቸው ጐራ ብለን ቡና ጠጥተን ነበር። አዲስ እቁብ ገብተዋል። የብረት ሣጥኑን ከፍተው ሁለቱን ፓስፖርቶችና ሁለቱን ቢጫ ካርዶች በአንድ ፖስታ ታሽገው አሳዩን። በፖስታው ጀርባ ላይ የገቢው ቀን ተጽፎ ሁለት ፊርማ አርፎበታል፤ የእርሳቸውና የመምህርቷ። ቍልፉ የማን ዘንድ እንደሚቀመጥ ጠየቅናቸው። «ከእንግዲህ ሣጥኑ አይቈለፍም» አሉን።