የምርምር ቴፖች መለያ ጽሑፍ፦ ለብዙ ተቋማት የጋራ ጥናት ያለው ጠቀሜታ

መግቢያ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ደምበጫ፣ ከ1992 እስከ 1994 ዓ.ም. በተካሄደ አንድ ጥናት በሁለት የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያዎች መካከል የምትገኝ ከተማ ነበረች። አንደኛው ጣቢያ በደብረ ማርቆስ፣ ሁለተኛው በባሕር ዳር የተተከለ ሲሆን፣ ሁለቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ከአሜሪካው ፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ካቋቋማቸው 25 ያህል ጊዜያዊ ጣቢያዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ዓላማውም ከሩቅ የሚመጣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ በአገሪቱ ሥር ሲያልፍ የሚያሳየውን ለውጥ በመለካት የመሬትን ቅርፊት ውፍረት ማወቅ ነበር።

በእንዲህ ያለ ሥራ፣ መሣሪያው ከሚመዘግበው ቁጥር ባልተናነሰ የሚያስፈልግ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መረጃው የተቀዳበት ቴፕ መለያ ጽሑፍ ነው። ከዚህ በታች መለያው ምን እንደሚይዝ፣ ቢሳሳት ምን እንደሚያስከትልና ትምህርት ቤቶች ከዚህ ሊቀስሙት የሚችሉት ልምድ ምን እንደሆነ ይብራራል።

1. ቴፕ ስለምን መለያ ያሻዋል?

መግነጢሳዊ ቴፕ እንደ መዝገብ ተገልጦ አይነበብም። በኮምፒዩተር ማዕከሎች ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ትልቁ ጥቅል ቴፕ 2400 ጫማ፣ ማለትም 730 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፤ ይሁን እንጂ የተቀዳበትና ባዶው በዓይን ሲታዩ ልዩነት የላቸውም። ስለዚህ ሁለት መለያዎች ይደረጉለታል። አንደኛው በማኅደሩ ላይ የሚለጠፈው የውጭ መለያ ሲሆን፣ ሁለተኛው በራሱ በቴፑ መነሻ ላይ የሚቀዳው የውስጥ መለያ ነው። በታወቀው የአሜሪካ ደረጃ መሠረት እያንዳንዱ የውስጥ መለያ 80 ምልክቶች ይይዛል፤ ከእነዚህም መካከል 6ቱ ለቴፑ መታወቂያ ቁጥር የተመደቡ ናቸው። የውጭው ወረቀት ቢላቀቅ የውስጡ ይመሰክራል። ሁለቱ የማይስማሙ ከሆነ ግን ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ቴፑን ለስሌት ማዋል አይገባም።

2. የጋራ ስም አስፈላጊነት

ብዙ ተቋማት ሲተባበሩ አንዱ የሰየመውን ሌላው ማወቅ አለበት። «ደብረ ማርቆስ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው በሌላ ዓይነት ሊጽፈው ይችላል፤ ኮምፒዩተር ደግሞ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ስሙን እንደ ሌላ ቦታ ይቆጥረዋል። በመሆኑም ጣቢያው «ዲ-ኤም-አር-ኬ» የሚል ባለ 4 ፊደል አጭር ስም ተሰጥቶት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1987 የዲጂታል ሴይስሞግራፍ መረቦች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በተቀበለው ሥርዓት፣ ለጣቢያው ስም እስከ 5፣ ለመረቡ 2፣ ለመለኪያው ዓይነት 3 ምልክቶች ተመድበዋል። ለምሳሌ «ቢ-ኤች-ዜድ» ማለት ሰፊ የሞገድ ክልል የሚቀበል፣ ንዝረትን አጉልቶ የሚመዘግብ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚደረገውን እንቅስቃሴ የሚለካ ማለት ነው። የጊዜያዊ መረቦች ስም ጥናቱ ካበቃ በኋላ ለሌላ ጥናት ሊሰጥ ስለሚችል፣ ከስሙ ጋር ዓመቱን መጥቀስ ግዴታ ነው።

3. አንድ ቅጽበት፣ ሦስት አጻጻፍ

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ጊዜ ነው። አንድ የመስክ ሠራተኛ «መስከረም 1 ቀን 1993 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ ጻፈ እንበል። ይህ ለደምበጫ ነዋሪ ግልጽ ነው። በውጭ አገር አቆጣጠር ግን ያው ሰዓት በኢትዮጵያ ምድር 9 ሰዓት ሲሆን፣ ተመራማሪዎች በሚስማሙበት የዓለም ሰዓት ደግሞ 6 ሰዓት ነው። ቀኑም እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2000 ሲሆን፣ ዓመቱ 366 ቀኖች ስለነበሩት ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ሲቆጠር 255ኛው ቀን ነው። ስለዚህ በመለያው ላይ «2000፣ 255፣ 06:00» ተብሎ ይጻፋል።

በዚሁ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው ደምበጫ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት የተቀዳ ቴፕ እንግዲህ የሁለት ቀን ቁጥር ሊኖረው ይገባል።

4. የስሕተት ዋጋ

በላይኛው የመሬት ቅርፊት ፈጣኑ ሞገድ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የ1 ሰከንድ የጊዜ ስሕተት 6 ኪሎ ሜትር፣ የ1 ደቂቃ ስሕተት ደግሞ 360 ኪሎ ሜትር ያህል የርቀት ስሕተት ይሆናል። የ3 ሰዓት ስሕተት ከሆነማ መረጃው ከሌላ መሬት መንቀጥቀጥ ጋር ሊዛመድ ይችላል።

የቦታ ስሕተትም እንዲሁ ነው። ሙሉጌታ ዱግዳና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ከዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ግራና ቀኝ ባለው ከፍተኛ ምድር ቅርፊቱ ከ33 እስከ 44 ኪሎ ሜትር፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ከ27 እስከ 38 ኪሎ ሜትር ውፍረት እንዳለው አመልክተዋል። የአንድ ደጋ ጣቢያና የአንድ ስምጥ ሸለቆ ጣቢያ መለያዎች ቢቀያየሩ ኖሮ፣ መሣሪያዎቹ በትክክል ለክተው ሳለ ውጤቱ በተገለበጠ ነበር። እንዲህ ያለውን ስሕተት የተሻለ ስሌት አያቃናውም፤ ሞገዱም ዳግመኛ እንዲመጣ ማድረግ አይቻልም።

5. ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት

ይህንን ሥርዓት ለማስተማር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ለምሳሌ በደምበጫ፣ በደብረ ማርቆስና በቡሬ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች ተስማምተው የ1 ሜትር ዘንግ በማቆም የቀትር ጥላን ይለኩ ቢባል፣ እያንዳንዱ ወረቀት የትምህርት ቤቱን ስም፣ ቀኑንና የአቆጣጠሩን ዓይነት፣ ሰዓቱን፣ የዘንጉን ቁመት፣ የለኪውን ስምና የጥላውን አቅጣጫ መያዝ ይኖርበታል። በጎጃም የቀትር ጥላ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን፣ በሰኔ ደግሞ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ አቅጣጫው ያልተጻፈበት ልክ ግማሽ ትርጉሙን ያጣል። መምህሩም ወረቀቶቹን በትምህርት ቤቶቹ መካከል አለዋውጦ፣ ተማሪዎቹ ያልለኩትን ልክ ከመለያው ብቻ እንዲያስረዱ ቢያደርግ የመለያው ጉድለት ወዲያውኑ ይታያል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው መለያ ጽሑፍ የመለኪያው አንድ አካል እንጂ ከሥራው በኋላ የሚጨመር ጌጥ አይደለም። የሚጻፈውም በሥፍራው ላልነበረና ጸሐፊውን መጠየቅ ለማይችል ሰው ነው። ስለሆነም የጋራ ጥናት የሚያቅዱ ክፍሎች ከመሣሪያው ግዢ አስቀድመው በስሞችና በጊዜ አጻጻፍ ላይ መስማማት፣ ለመዝገብ ሥራም በቂ ጊዜና ሰው መመደብ ይገባቸዋል።